የሚዋሽ ሆራይዘን

ኢንስትራክተሩ ኪሱ ውስጥ ክብ ላስቲክ ይዞ ነው የሚሳፈረው። ተማሪው ውጭውን እንዳያይ ተከልሎ፣ ዓይኑን ፓነሉ ላይ ተክሎ ሲያበር፣ ድንገት እጁን ሰደድ ያደርግና ላስቲኩን የአውሮፕላኑን መጋደም በሚያሳየው አርቲፊሻል ሆራይዘን ላይ ይለጥፈዋል። «ይሄ ሞቷል፤ ቀጥል!» ተማሪው ላብ በላብ ይሆናል፤ ግን በቀሩት መሣሪያዎች ይቀጥላል።

ልምምዱ ጥሩ ነው፤ ግማሹን ግን ያስቀራል። ሰማይ ላይ የተበላሸ መሣሪያ ክዳን አይለጠፍበትም። ዓይን ፊት ተገትሮ ይዋሻል።

በቆዩት የሴስና 172 አውሮፕላኖች አርቲፊሻል ሆራይዘኑንና የአቅጣጫ ጋይሮውን የሚያሠራው፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲሰበር ጋይሮው ወዲያው ቀጥ አይልም፤ እየደከመ ለደቂቃዎች ይሽከረከራል፤ የአድማሱም መስመር ቀስ እያለ ያዘነብላል። ፓይለቱ አውሮፕላኑ የተጋደመ መስሎት መሪውን ወደ ሌላው ጎን ይመልሳል። መስመሩ ተስተካከለ፤ አውሮፕላኑ ግን መጋደም የጀመረው ገና አሁን ነው። የፓምፑን ጤንነት የምታሳየው ትንሽ ጌጅ ፓነሉ ጥግ ላይ ናት፤ ማን ያያታል?

የሰውነት ስሜትም አያድንም። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጡት ጥናት፣ በመሣሪያ የመብረር ሥልጠና የሌላቸው 20 ሰዎች ደመና ውስጥ እንደገባ ሰው ተከልለው ሲያበሩ፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ በአማካይ በ178 ሰከንድ።

ብልሽቱን ማወቅ ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 የሚዙሪው ገዥ ሜል ካርናሃን፣ አብራሪው ልጃቸውና አንድ ረዳታቸው በምሽት፣ በመጥፎ አየር ተከስክሰው ሞቱ። አብራሪው ዋናው ሆራይዘን እንደተበላሸበት ለተቆጣጣሪዎች ተናግሮ ነበር። ሌላኛው የሚገኘው ከቀኝ ወንበር ፊት ለፊት ነው፤ ደመና ውስጥ አንገትን እያዞሩ ማየት ደግሞ የውስጥ ጆሮን ያሳስታል።

ስክሪን የተገጠመላቸው አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች መረጃ ሲቋረጥባቸው ቀይ ኤክስ ያወጣሉ፤ ትልቅ እፎይታ ነው። የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ሲደፈን ግን ስክሪኑም የተሳሳተውን ቁጥር አሳምሮ ይጽፋል።

ስለዚህ ላስቲኩ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲሙሌተር ላይ ፓምፑን ሳይናገሩ መግደል፣ ከዚያ ተማሪው ራሱ እስኪደርስበት ዝም ማለት ይሻላል። ሆራይዘኑ «ወደ ግራ ተጋድመሃል» ሲለው መዞርን የሚያሳየው ተርን ኮኦርዲኔተር ደልደል ብሎ፣ ኮምፓሱም ባለበት ረግቶ ካየ፣ ሁለት ምስክር በአንዱ ላይ መሰከሩ ማለት ነው። ያኔ ውሸታሙን በገዛ እጁ በወረቀት ይሸፍነው፤ ዓይን በልማድ ወደዚያው ይመለሳልና። ከዚህ በኋላ መዞር ሲያስፈልግ ሥራው ሰከንድ መቁጠር ነው፦ በሰከንድ 3 ዲግሪ የሚዞር አውሮፕላን በአንድ ደቂቃ ፊቱን ወደመጣበት ይመልሳል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠለጥኑ ግን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ማግኔት ኮምፓስ በመታጠፊያ ላይ የሚሳሳተው የምድር ማግኔት መስመር ወደ መሬት ስለሚዘቀዝቅ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዝቅዝቃቱ ኢምንት ነው፤ ኮምፓሱም ጨዋ ነው። አውሮፓ ሰማይ ላይ ይህ ጨዋነት የለም። ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ኮምፓሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ቀድሞ ይሮጣል። ኢንስትራክተሮች ይህን በቃል ነግረው ከማለፍ፣ ሲሙሌተሩን አንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያ ላይ አስቀምጠው ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ።