ላልራበው ዓሣ የታሰረ ላባ

በሰሜን ኩቤክ ወደሚገኘው ጆርጅ ወንዝ የመኪና መንገድ የለም። ሳልመንና ትራውት የተባሉ ዓሦችን ሊያጠምድ የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው በትንሽ አውሮፕላን ነውና ከመነሳቱ በፊት ጓዙን እየመዘነ ይቀንሳል። ትርፍ ጫማው ይቀራል፤ ወፍራሙ ካፖርትም ይቀራል። ከደረት ኪሱ የማትወጣ አንዲት ሣጥን ግን አለች፤ በውስጧ ከላባና ከክር የተሠሩ የዓሣ ማጥመጃ ዝንቦች ተደርድረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ «ጆክ ስኮት» ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። የአካሉ የኋላ ግማሽ ቢጫ ሐር፣ የፊቱ ጥቁር ሐር ሲሆን ቀጭን የብር ጥለት ይዞርበታል። መጋጠሚያው ላይ የሰጎን ላባ ተጠምጥሟል። ጉሮሮው ላይ ያለው ዥንጉርጉር ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጅግራ ላባ ነው።

ክንፉን ግን ለብርሃን አቅርቦ ማየት ይሻል። ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ የተነከረ የዝይ ላባ በስሱ ተሰንጥቆ ከሌሎች ወፎች ላባ ጋር ጎን ለጎን ይገጠማል። ሙጫ የለው፣ ስፌት የለው! በእያንዳንዷ የላባ ዘለላ ዳር ዓይን የማያየው ቆልማማ መንጠቆ ስላለ፣ በጣት ዳበስ ሲያደርጉት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከአንድ ወፍ የተነቀለ ይመስላል። የግራው ጎን ከወፉ ግራ ክንፍ፣ የቀኙም ከቀኝ ክንፍ መምጣት አለበት፤ አለዚያ ጉብጠታቸው አይገጥምም። ሁሉን የሚይዘው ሰም የተቀባ ክር ነው። ዙሩ ሲበዛ የዝንቡ ራስ ያብጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ሱቅ በሌለበት ወንዝ ዳር ይፈታል።

ለትራውት ቢሆን ነገሩ ይገባኛል፤ እውነተኛ ዝንብ ስለሚበላ የሚበላውን ያስመስሉለታል። የአትላንቲክ ሳልመን ግን ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላቱን ይተዋል። ደግሞስ ጆክ ስኮትን የሚመስል ምን ነፍሳት አለ? ታዲያ ለምን ይነክሰዋል ቢባል አጥማጆች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከፀጉር የተሠራ ተራ ዝንብም ቢሆን ይነክሳል።

ሜጋን ቦይድ የተባለች ሴት በስኮትላንድ ብሮራ አጠገብ፣ ለረጅም ዘመን ኤሌክትሪክ ባልገባላት ጎጆ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ እንደ ጆክ ስኮት ያሉ ዝንቦችን ስታስር ኖረች። ያኔ ልዑል የነበሩት ቻርልስ ደንበኛዋ ነበሩ። እሷ ራሷ አንድም ሳልመን አጥምዳ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 የብሪታንያ ኢምፓየር ሜዳልያ ተሸልማ ወደ ቤተ መንግሥት ስትጠራ፣ «ውሻዬን የሚጠብቅልኝ የለም» ብላ ቀረች ይባላል።