ከጋኑ በፊት ወንዙ፦ የኢሳን ጌንግ ኦም እና የታይ ብሔራዊ ማዕድ

የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ኢሳን ይባላል። 20 ክፍለ ሀገራት ያሉት፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ሲሶ ገደማ የሚኖርበት፣ አብዛኛው ነዋሪ ከላኦ ጋር አንድ የሆነ ቋንቋ የሚናገርበት አምባ ምድር ነው። የዚህ አገር ሰዎች ጌንግ ኦም የሚሉት ሾርባ የኮኮናት ወተት አይገባበትም። ቃሪያ፣ ጠጅ ሣርና ደቃቅ ቀይ ሽንኩርት በሙቀጫ ተወቅጠው ከዶሮ፣ ከዓሣ ወይም ከእንቁራሪት ጋር ይቀቀላሉ። ውሃ ውስጥ የራሰ ሩዝ ተወቅጦ ይጨመርና መረቁን ያወፍረዋል። ሊወርድ ሲል የእንስላል ዘመድ የሆነው ዲል በብዛት ይገባበታል። ጣዕሙን የሚሸከመው ግን ፕላ ራ ነው፤ ጨውና የተቆላ ሩዝ ወይም የሩዝ ፉርሽካ ገብቶበት በጋን ውስጥ ለወራት የተብላላ የወንዝ ዓሣ።

ስለ ፕላ ራ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከጠረኑ ይነሳል። መነሻው አፈሩ መሆን ነበረበት። ኢሳን ካረፈበት ከኮራት አምባ ሥር ሰፊ የአለት ጨው ተኝቷል። በበጋ ጨዉ ወደ ላይ ወጥቶ መሬቱን ያነጣዋል፤ ገበሬው አፈሩን ፍቆ፣ በውሃ አጥልሎ፣ ውሃውን አፍልቶ ጨው ያወጣል። በሙን ወንዝ ሸለቆ ይህ ሥራ ከብረት ዘመን ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። በክረምት ደግሞ ሙንና ቺ ወንዞች ሞልተው ወደ ሩዝ ማሳው ይፈሳሉ፤ ዓሣውም አብሮ ይገባል። ውሃው ሲጎድል ዓሣው በየኩሬው ተከማችቶ በአንድ ጊዜ፣ ቤተሰብ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ይያዛል። ጋኑ ያንን ትርፍ እስከ ችግሩ ወራት ያሻግራል። እንዲህ ሲታይ ፕላ ራ የዝናብንና የድርቅን መፈራረቅ ያጠና ማኅበረሰብ ብልሃት ነው።

ይህን ከማንም ቀድሞ በጽሑፍ ያሳየን ልብ ወለድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ካምፑን ቡንታዊ ‹የኢሳን ልጅ› በተባለው፣ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጸሐፍት ሽልማትን ባገኘው መጽሐፉ፣ ድርቅ ያጎሳቆላቸው መንደርተኞች በበሬ ጋሪ ዓሣ ፍለጋ ወደ ቺ ወንዝ ሲጓዙ ይተርካል። ጉዞው የመጽሐፉ እምብርት ነው፤ ምግቡም ከሰዎቹ ክብር ተነጥሎ አይታይም።

የብሔራዊው ምግብ ትረካ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ሳያም በ1939 ታይላንድ ከተባለች በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን መንግሥት አንድ ወጥ የታይ ማንነት ለመቅረጽ ሲጥር የላኦነት ምልክት ሁሉ ወደ ዳር ተገፋ። መንግሥት በ2002 የታይ ምግብ ቤቶችን በዓለም ለማስፋፋት ሲነሣ ዓለም የሚያውቀው የታይ ምግብ ቶም ያም፣ ፓድ ታይና የኮኮናት ወተት ወጥ ነበር። ባንኮክ ውስጥ የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ሲታዘዝ ያለ ፕላ ራ የሚሠራው ‹ታይ›፣ ፕላ ራ የገባበት ‹ላኦ› ይባላል። ለሥራ ወደ ከተማ የፈለሰው የኢሳን ሰው ድንበሩን በአፍንጫ ሲለካበት ኖሯል። ይህ በደል ነው፤ የምግብ ታሪክ ጸሐፊም በስሙ ሊጠራው ይገባል።

የጤናው ጉዳይ በቸልታ አይታለፍም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 በጥሬ የወንዝ ዓሣ የሚተላለፈውን የጉበት ትል በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ የሐሞት ቧንቧ ካንሰርም በኢሳን ብዙ ሰው ይገድላል። ዋናው አደጋ ጥሬ ዓሣና ለጥቂት ቀናት ብቻ በጨው የቆየ ዓሣ ነው። በሚገባ የፈላ ጌንግ ኦም ትሉን ይገድለዋል። መንግሥት በ2018 ለፕላ ራ የጥራት ደረጃ ማውጣቱ ተገቢ ነበር፤ ጋኑን ከነውር አውጥቶ ወደ ገበያ አቅርቦታል።

ሆኖም ጋኑን የሚሞላው ወንዙ ነው፤ በዚያው በ1994 ደግሞ ሙን ሜኮንግን ሊቀላቀል ከሚቃረብበት ቦታ ላይ የፓክ ሙን ግድብ ተጠናቀቀ። ከሜኮንግ ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ ተዘጋበት፤ ከግድቡ በላይ ያሉ አጥማጆችም ለዓመታት ተቃወሙ። በ2001 በሮቹ ለሙከራ ሲከፈቱ መንደርተኞቹ ራሳቸው የተመለሱትን ዝርያዎች እየለዩ መዘገቡ። ስለ ፕላ ራ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ ያንን መዝገብ ከምግብ አሠራር መጻሕፍት አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል።