የፊደል መመሳሰልና የትርጉም ዝምድና፦ በእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝሮች ላይ የቀረበ ሂስ

እንግሊዝኛን ለሚማሩና ከእንግሊዝኛ ለሚተረጉሙ ሰዎች ከሚዘጋጁት የቃላት ዝርዝሮች መካከል አንደኛው ዓይነት ቃላትን የሚሰበስበው በሚጋሯቸው ፊደሎች ነው። ተመሳሳይ ፊደሎች ያሏቸው ቃላት በአንድ ርእስ ሥር ይደረደራሉ፤ በየቃሉ ትይዩም ፍቹ ይሰፍራል። አሠራሩ ለማስታወስ እንደሚያመች አንክድም። ሂሳችን የሚያተኩረው ዝርዝሩ በግልጽ ሳይናገር በሚያስተምረው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ፊደል የተጋሩ ቃላት ትርጉምም ይጋራሉ የሚለው እምነት ነው።

ይህ እምነት የእኛን አንባቢ በቀላሉ ይማርካል። የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደ መሆናችን ቃልን በሥሩ መፈለግ ልማዳችን ነው። «ሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት»፣ «ተሰበረ» የሚሉት ሁሉ ከሦስት ተነባቢዎች የበቀሉ ናቸው፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላትም የተደራጀው ይህንኑ የሥር ሥርዓት ተከትሎ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከጀርመናዊ መሠረቱ ሌላ ከፈረንሳይኛ፣ ከላቲንና ከግሪክ እጅግ ብዙ ቃላት የተበደረ ቋንቋ በመሆኑ፣ ምንጫቸው ፈጽሞ የተለያየ ቃላት በአንድ አጻጻፍ ሊገናኙበት ይችላሉ።

ለምሳሌ ያህል «ፒ»፣ «ኢ» እና «ዲ» የተባሉትን ሦስት ፊደሎች እንውሰድ። «ፔደስትሪያን» ማለት እግረኛ፣ «ፔዳል» ማለት በእግር የሚረገጥ የመሣሪያ ክፍል ነው፤ ሁለቱም የመጡት እግር ከሚለው የላቲን ቃል ነው። የማስተማርን ሙያ የሚያመለክተው «ፔዳጎጂ» እና የሕፃናት ሕክምና ማለት የሆነው «ፔዲያትሪክስ» ግን የመጡት ልጅ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። «ፔዶሎጂ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ መሬት ከሚለው የግሪክ ቃል ሲወጣ የአፈር ጥናት፣ ልጅ ከሚለው ሲወጣ የልጆች ጥናት ይሆናል። ዐውዱን ሳይመረምር ከዝርዝር ላይ ፍች የሚያነሣ ተርጓሚ የግብርና ጽሑፍን ወደ ሕፃናት፣ የሕፃናትን ጽሑፍ ወደ እርሻ ሊወስድ ይችላል።

በብሪታንያ አጻጻፍ «ፔዲያትሪክስ» በሚለው ቃል ውስጥ ከ«ፒ» ቀጥሎ «ኤ» የተባለው ፊደል ይጨመራል፤ ይህም የግሪኩን ምንጭ ይጠቁማል። በአሜሪካ አጻጻፍ ፊደሉ ቀርቷል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ደግሞ የሌባ ሥራ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ነደፈ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው። ሞክሼ ፊደሎችን በመቀነስ ጉዳይ የሚደረገውን ክርክር በዚህ ጽሑፍ የምንፈታው አይሆንም፤ ሆኖም ፊደል ሲቀነስ የጸሐፊው ድካም እንደሚቀል ሁሉ የምንጩም ምልክት አብሮ እንደሚጠፋ ሁለቱም ወገኖች ሊዘነጉት አይገባም።

በአንጻሩ የፊደል መኖርም ሁልጊዜ እውነተኛ ምስክር አይደለም። ደሴት የሚል ፍች ባለው «አይላንድ» በተባለው ቃል ውስጥ የማይነበብ «ኤስ» አለ። ቃሉ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ይህ ፊደል አልነበረውም፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «አይል» ዘመዱ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ ብቻ በኋላ ተጨመረበት። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት በጋራ ፊደላቸው አንድ ላይ የሚያሰፍር ዝርዝር የጥንት ጸሐፊዎችን ስሕተት ለዛሬው ተማሪ ያስተላልፋል።

ስሕተቱ ሕይወትን የሚነካበትም ጊዜ አለ። «ኢን» የሚለው ቅጥያ በብዙ ቃላት አፍራሽ ነው፤ «ኢንቪዚብል» የማይታይ ማለት እንደ ሆነ ሁሉ። «ኢንፍላመብል» የሚለው ቃል ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ኢን» ውስጥነትን የሚያሳየው ሌላው የላቲን ቅጥያ ነውና። የማይቃጠል መስሎት የሚሳሳት ሰው እንዳይኖር የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ፍላመብል» በሚለው ቃል መጠቀምን አበረታቷል። የነዳጅ በርሜል ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ይህን ቃል «የማይቀጣጠል» ቢለው ጥፋቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ አይቀርም።

ምንጩ በእርግጥ አንድ ሲሆንም ጥንቃቄ አይቀርም። «ሎጂ» በሚል የሚያልቁትን የዕውቀት ዘርፎች ስንተረጉም «ሥነ» ማለትን ለምደናል፤ «ባዮሎጂ» ሥነ ሕይወት፣ «ሳይኮሎጂ» ሥነ ልቡና ተብለዋል። «አፖሎጂ» ግን ይቅርታ መጠየቅ፣ «ትሪሎጂ» ደግሞ ሦስት ተከታታይ ድርሰት ማለት ነው። ምንም እንኳ ሁሉም ንግግር ከሚለው የግሪክ ቃል ቢወጡ፣ ኋለኞቹ «ሥነ»ን አይቀበሉም። ራሱ «ሥነ»ም ቢሆን በሥነ ምግባርና በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ ለተቃራኒው ወገን የሚመሰክረውንም እናቅርብ። «ጂ» እና «ኤል» የሚጀምሯቸው «ግሎው»፣ «ግሊም»፣ «ግሊተር»፣ «ግሊመር» የተባሉት ቃላት ሁሉ የብርሃንን ነገር ይናገራሉ። ጄ. አር. ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዲህ ላለው የድምፅና የትርጉም ቁርኝት የተለየ ስም አውጥቶለታል፤ ቤንጃሚን በርገን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው የሙከራ ጥናትም ቁርኝቱ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ በእርግጥ እንደሚሠራ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ማጣበቂያ የሆነው «ግሉ» እና ጓንት የሆነው «ግላቭ» በነዚሁ ፊደሎች ይጀምራሉ፤ ብርሃን ግን የላቸውም። ቁርኝቱ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ዝርዝሮቹ እንዲጣሉ ሳይሆን እንዲታረሙ ነው። በአንድ ርእስ ሥር የተሰበሰቡት ቃላት በየምንጫቸው ይከፈሉ፤ ምንጫቸው የተለያየ ከሆነም ይኸው በግልጽ ይነገር፤ ከእያንዳንዱ ፍች ጋር ቃሉ የሚገባበት አንድ ዐረፍተ ነገር ይታከል። የስያሜ ሥራ የሚሠራው ባለሙያም የእንግሊዝኛውን ቃል ክፍል በክፍል ከመተርጐሙ በፊት ቃሉ የቆመለትን ነገር ይመርምር። ፊደል ወደ ቃሉ ቤት የሚወስድ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ የቤቱን ባለቤት ማንነት የሚያረጋግጠው ግን የቃሉ ታሪክና አገልግሎቱ ነው።