ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ሁልጊዜ የምሥራች ነውን?

ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሕመምተኛ ኮሌስትሮሉ ዝቅ ብሎ ሲገኝ «የደም ቅባቱ ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ የተሳሳተ አነባበብ ነው። ቫይረሱ ከሕዋስ የሚወጣው ጉበት ቅባትን ወደ ደም የሚልክበትን መንገድ ተጠቅሞ በመሆኑ፣ ከደም የጎደለው ቅባት በከፊል በጉበት ውስጥ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል። በተለይ ጂኖታይፕ 3 ውፍረትም ሆነ የስኳር ሕመም በሌለበት ጉበትን ያሰባል። ቫይረሱ በመድኃኒት ሲጠፋ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ «ተፈውሷል» ተብሎ ክትትሉ ሲቋረጥ፣ የልብና የደም ሥር ሥጋት ሳይመዘን ይቀራል።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ጂኖታይፕ 4 ስለሆነ የጂኖታይፕ 3ን ታሪክ እንዳለ መገልበጥ አያስኬድም። ይበልጥ የተስፋፋው ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ (በሕዝቡ ዘንድ ሁሉም «የወፍ በሽታ» ቢባልም) ጠባዩ ሌላ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ላይ የሰባ ጉበት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ይታያል፤ ሲገኝም በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ከቫይረሱ ይልቅ ውፍረት፣ የስኳር ሕመምና አልኮል ነው። «ጉበቱ ታሟል» በሚል ብቻ ስታቲን መከልከልም፣ ጉበቱ ሥራውን ለማከናወን እስካልተሳነው ድረስ፣ መሠረት የለውም።