ዕጣው መቼ ተጻፈ?

አይንስታይን በኳንተም ፊዚክስ ላይ ያነሣው ዝነኛ ቅሬታ በአማርኛ ሲነገር «እግዚአብሔር ዕጣ አይጥልም» ሲባል እሰማለሁ። ትርጉሙ ለጆሮ ያምራል፤ ለእኔ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ሰውየው ያወራው ስለ ዳይስ፣ ስለ ባዶ አጋጣሚ ነው። የእኛ ዕጣ ሌላ ነው። በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው፤ «ዕጣ ፈንታ» ስንልም አስቀድሞ የተቆረጠውን ማለታችን ነው። እናም የአማርኛው አይንስታይን የሚክደው ራሱ የሚያምንበትን ሆኖ ቁጭ አለ!

ይሁንና ቃሉን ጠበቅ አድርገን ከያዝነው ክርክሩን ያስረዳልናል። እዚህ ጪጩ በነጋዴዎች ዕቁብ ላይ የተጠቀለለው ወረቀት ሲነሣ ልብ ይመታል፤ ስሙ ግን ወረቀቱ ሳይፈታ በፊት ተጽፏል። የማናውቀው እኛ ነን እንጂ ወረቀቱስ ያውቃል። አይንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተከራከረው በዚሁ መንፈስ ነበር። ከአንድ ምንጭ ወጥተው የተራራቁ ሁለት ቅንጣቶች መልሳቸው ከገጠመ፣ መልሱ ሲነሡ ተጽፎላቸዋል። አለዚያማ ዲላ ላይ የተፈታው ወረቀት ሞያሌ ያለውን በዚያው ቅጽበት ይጽፈዋል ልንል ነው።

ጆን ቤል በ1964 ጭቅጭቁን ወደ ስሌት አወረደው። እስቲ አንባቢ አብሮኝ ያስላ። «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚያሰኙ ሦስት ጥያቄዎች አሉን፤ ሁለቱ ቅንጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሁልጊዜ ይስማማሉ። መልሶቹ ቀድመው ከተጻፉ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መመሳሰላቸው ግድ ነው። ስለዚህ የተለያየ ጥያቄ በዘፈቀደ ስናቀርብላቸው፣ በአማካይ ቢያንስ ከሦስት አንድ ጊዜ መስማማት አለባቸው። የኳንተም ስሌት ግን፣ ማዕዘናቱ በወግ ሲመረጡ፣ ከአራት አንድ ጊዜ ብቻ ይላል። አላን አስፔ በ1982 ኦርሴ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሲፈትነው የቤል ወሰን ተጣሰ፤ በ2022 ከክላውዘርና ከዛይሊንገር ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ታዲያ ሁሉ አጋጣሚ ነው? አይደለም፣ ችኮላ ነው። ዴቪድ ቦም በ1952 ሁሉ አስቀድሞ የሚወሰንበትን ኳንተም ጽፏል፤ ቤልም ያደንቀው ነበር። ዋጋው ግን የዲላው የሞያሌውን ወዲያው መንካቱ ነው። (በዚህ መንገድ «የቡና ዋጋ ጨመረ» ብሎ ወሬ መላክ ግን አይቻልም፤ ነጋዴዎቻችን ተስፋ አያድርጉ።) ሌላው መውጫ፣ የጠያቂው ምርጫ ራሱ ከመልሱ ጋር ተጣጥሞ ተጽፏል ማለት ነው። ይህን መቀበል ይከብደኛል፤ እንዲያ ከሆነ ሙከራ ምኑን ይፈትናል?

ለትርጉሙ ግን «ዳይስ» እንዳለ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ፕሮባብሊቲን «ዕድል» ስንለውም ያው ጣጣ ይከተለናል። «ይሆናልነት» አፍ ቢይዝም ይሻላል።