የብርሌ አንገት

ጠጅ ቤቱ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ኖራ በኖራ ላይ ሲደረብበት ኖሮ ማዕዘኑ ሁሉ ዶልዱሟል። አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ይዘው ስለሚዞሩ ሰው ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቀመጣል። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ጠመኔ እጁ ላይ ያለ መምህር፤ ትከሻ ለትከሻ።

ብርሌው መጣ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም፣ አፉ በትንሹ ከፈት ያለ። ወደ ብርሃን ሳዞረው መስታወቱ ውስጥ ጥቃቅን የአየር ነጥቦች አየሁ፤ ውፍረቱም አንድ ዓይነት አይደለም። የሚያዘው በአንገቱ ነው፣ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት። ሆዱን አቅፎ የያዘ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። አንገቱ ለጌጥ አልረዘመም። ጠጅ ባለበት ንብና ዝንብ አይጠፋም፤ በሩ ሲጠብ ይቸገራሉ። የእጅ ሙቀትም መጠጡን አያገኘውም። በአንድ ትንፋሽ ልጨልጠው ያለ ሰው ደግሞ አይሳካለትም፤ አየሩ በዚያው በጠባቡ መንገድ መግባት ስላለበት ጠጁ ቆም እያለ ይወርዳል።

ከብርሌ በፊት ዋንጫ ነበር፣ ከቀንድ የሚሠራው። ዛሬ ስሙን የወሰደው እግር ኳስ ነው። ቀንድ ውስጡን አያሳይም፤ የጌሾ ስንጣሪ ቢንሳፈፍበት ማን ያያል? መስታወት ሲመጣ ጠጅ ጣይዋ ተጋለጠች። «ጠጅ ቤት» ራሱ ያኔ የቤተ መንግሥት አንድ ክፍል ነበር፤ አዛዥ ይሾምለታል። እዚህ አዛዡ ማንቆርቆሪያ የያዘ ልጅ ነው።

ጓሮ ገባሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቧል፣ በወይራ ጭስ ታጥኗል። አንድ እጅ ማር ከነሰፈፉ፣ ሦስት እጅ ውሃ። አራት የሚያደርጉም አሉ፤ ባለቤቷ እማማ እነሱን መስማት አይፈልጉም። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ከላይ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ጌሾ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለጠጅ ቅጠሉ ሳይሆን እንጨቱ። እማማ ተከትክቶ የታጠበውን ጌሾ ከብርዙ ቀነስ አድርገው በወሰዱት ያፈሉታል፣ መልሰውም ጋኑ ውስጥ ይጨምሩታል። በየቀኑ ይማሰላል። በሙቀት 5 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ በብርድ ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል። ጌሾው ከበዛ ይመራል፤ ካነሰ ብርዝ ሆኖ ይቀራል።

«ጆሮህን አስጠጋ፣ ልጄ» አሉኝ። ከጋኑ አፍ ቀጭን ሽሽታ ይሰማል። እሱ ሳይከስም አያጠሉም። ማጥለያው ነጭ ጨርቅ ነው፣ ሁለት እጥፍ። አምቡላው ከታች ይቀራል።

ጥሩ ጠጅ እንደ ውሃ አይጠራም። ቢጫ ነው፣ ትንሽ ደፈን ያለ፤ ሲቀዳ አረፋው አንገቱ ሥር ይሰበሰባል። በጣም የሚያበራ ቢጫ ሳይ እጠራጠራለሁ፤ በሌላ ሰፈር እንዲህ ያለውን ጠጥቼ ማግስቱን ራሴን ይዤ ውያለሁ፣ ስኳርና ቀለም ነበር። የእማማን ሦስተኛ ብርሌ ስጨርስ አንገቱን መረመርኩ። አንድም ስንጣሪ አልተጣበቀበትም።

ምግቡ ጥቂት ነው። ጥብስ ከጎረቤት ሥጋ ቤት ይታዘዛል፤ ቆሎው ገብስና ሽምብራ ነው። እኔ የምወደው ቅቅል እንቁላሉን ነው። ልጁ ልጦ፣ መሐሉን በቢላ ሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ አንድ ቁንጥር ሚጥሚጣ ይነሰንሳል። ከላይ ቢነሰንሰው ኖሮ ጣት ላይ ይቀር ነበር። የሚጥሚጣውን እሳት ጠጁ ያበርደዋል፤ የጠጁን ጣፋጭነት ጨው ይቆርጠዋል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ሲጠጡ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ይከልላሉ፤ ዓይን እንዳይገባቸው። ከዚያ ገለጥ አድርገው ካቆሙበት ወሬ ይቀጥላሉ።

ሲመሽ ልጁ ብርሌ ማጠብ ጀመረ። እጅ አይገባም፤ ውሃ ጨምሮ አፉን በመዳፉ ከድኖ ያናውጠዋል፣ ይደፋል፣ ይደግማል። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር በአንገቱ ዙሪያ ያስኬዳል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል፤ መጀመሪያ የሚነቃውም እዚያው፣ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት ላይ ነው። አንዱ ላይ ጥፍሩ ቆመ። እንደገና ዳሰሰው። ከሌሎቹ ለይቶ መስኮቱ ላይ አቆመው፤ እዚያ ሌላ የነቃ ብርሌ ጤና አዳም ተሰክቶበት ቆሟል።