ሲሞቅ የሚያኮርፍ ሞተር

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ከሻጩ ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጠ እጁን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ አለበት። ብረቱ ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ያስነሳውም ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚሰማ ድምፅ ወይም የሚታይ ጭስ ስላለ ሊሆን ይችላል። ይህን ልማድ ከአዲስ አበባ ጋራዥ ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ቨርጂኒያም ለቶዮታውም ለሆንዳውም ሲያገለግለኝ ኖሯል። ደንቡን የምትገለብጠው አንዲት መኪና ናት፤ ማዝዳ አርኤክስ-8። እሷ ጋ ስትደርሱ ኮፈኗ በረዶ ሆኖ ካገኛችሁት ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ይቺን መኪና ይዘውብኝ የሚመጡት አብዛኞቹ እዚሁ ያደጉ የእኛው ልጆች ናቸው። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያጠራቀሙ ወጣቶች። ስልካቸውን ያወጡና «ጋሼ፣ ዋጋዋን ይዩልኝ፤ ሰውየው የያዘውን አላወቀም መሰለኝ» ይሉኛል። ሰውየው አሳምሮ ያውቃል። በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር የምትጮህ፣ ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ልክ የተከፈለ የጃፓን ስፖርት መኪና በአሮጌ ካምሪ ዋጋ ከተሸጠች ገበያው የሚያውቀው ነገር አለ። አባት አብሮ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ልጁ ከኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሽ በሮች ከፍቶ ያሳያል። «ይኸው፣ ኩፔ ብቻ አይደለችም፤ አራት በር አላት» ይላል። በእነዚያ በሮች የተረቱ አባቶች ብዙ ናቸው።

ነገሩ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። ፒስተን የለውም፤ ቫልቭም የለውም። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያፈለቀው፣ ኤንኤስዩ የተባለው የአገሩ ኩባንያ መኪና ላይ የገጠመው፣ ከዚያ ሌሎች ሲተዉት ማዝዳ ብቻውን የጸናበት ሮታሪ ሞተር ነው። ማዝዳ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ኮስሞ ስፖርት ላይ አድርጎ ለገበያ አወጣው። በ1991 ደግሞ 787ቢ በምትባለው ባለ አራት ሮተር መኪና የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈበት። አሠራሩን ለወጣቶቹ ሳስረዳ ሳምቡሳ ነው የምጠራላቸው፦ ጎኖቹ ወጣ ወጣ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። በሦስቱም ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ። የታመቀውን አየርና ቤንዚን የሚይዙት፣ ከግድግዳው ሳይላቀቁ እየተንሸራተቱ፣ እነሱ ናቸው። አርኤክስ-8 እንዲህ ያሉ ሁለት ሮተሮች አሏት፤ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ ሁለቱ ተደምረው 1.3 ሊትር። ከዚህች ትንሽ ሞተር የአሜሪካው ባለ ማኑዋል ካምቢዮ ሞዴል 238 የፈረስ ጉልበት አወጣ። መጀመሪያ የተነገረው 247 ነበር። ማዝዳ ቁጥሩን ዝቅ ሲያደርግ መኪናዋን አስቀድመው የገዙትን መመለስ ከፈለጋችሁ መልሱ ብሏቸዋል።

እነዚያን ማሸጊያዎች ካወቃችሁ የቀረው ሁሉ ይከተላል። በደረቁ እንዳይፈጩ ሞተሩ ሆን ብሎ ጥቂት ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ እየረጨ ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል። ስለዚህ «ዘይት ትበላለች» ብሎ ዋጋ ለማስቀነስ የሚከራከር ገዢ መኪናዋን እንደማያውቅ ነው የሚናገረው፤ ዘይት የማትበላዋን ነው መፍራት። ሺህ ማይል ገደማ በሄደች ቁጥር አንድ ኳርት መጨመር የተለመደ ነው። ሻጩን «ዘይት ስንት ጊዜ ትጨምራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «በየሁለተኛው ቤንዚን ስቀዳ አያለሁ» ካለ ያወቀ ሰው ነው። «ዘይት ስቀይር ብቻ» ካለ የጎደለውን ዘይት የከፈሉት ማሸጊያዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ኮፈኑ እንመለስ። ማሸጊያዎቹ የደከሙ ሞተር ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱን ይሸፍንለታል፤ ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ ሳያዞረው ቱር ብሎ ይነሳል። ሲሞቅ ግን ዘይቱ ይቀጥናል፣ እመቃው ያመልጣል፤ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ያዞራል፣ ሞተሩ እምቢ ይላል። የደከመች አርኤክስ-8 የሚሸጥ ሰው ይህን ስለሚያውቅ መኪናዋን ቀዝቅዛ እንድታዩዋት ይፈልጋል። ጠዋት ይቀጥራችኋል፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ያዞራችኋል፣ ስትመለሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። እሺ አትበሉት። ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱ፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ሳይሆን አውራ ጎዳናም ላይ። ስትመለሱ አጥፏት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ጎማና ቀለም እያያችሁ አሳልፉ። ከዚያ አስነሷት። በአንድ ሁለት ሰከንድ ካልተነሳች፣ ወይም ሻጩ ቤንዚን መስጫውን እየረገጠ ካባበላት፣ ሌላው ምርመራ አያስፈልግም።

በሙቀት ብትነሳም ገና አልጨረሳችሁም። ቀጣዩ የእመቃ ምርመራ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጋራዥ ገዢውን በቅን ልብ የሚያሳስተው። ለፒስተን ሞተር የተሠራው ተራ መለኪያ አንድ ሮተር ላይ ካሉት ሦስት ክፍሎች ትልቁን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለቱ ደህና ሆነው ሦስተኛው ቢሞት መርፌው ደህናውን ይዞ ይቀራል። ለሮታሪ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ግን ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ በድምሩ ስድስት። ቁጥሮቹ ሞተሩ በ250 ዙር እንደሚዞር ተደርገው መስተካከል አለባቸው። አለዚያ ጠንካራ ሞተሪኖና አዲስ ባትሪ የገጠመ ሻጭ የደከመውን ሞተር ጎበዝ ያስመስለዋል። ማዝዳ የሚቀበለው ዝቅተኛ ልክ 680 ኪሎፓስካል ነው፤ ጤነኛው 830 አካባቢ ይሆናል። ከመጠናቸው እኩል መቀራረባቸውንም እዩ፤ በአንድ ሮተር ውስጥ ባሉት ሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ150፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ100 ኪሎፓስካል ማለፍ የለበትም። እኔ እንደሆንኩ አምስቱ 800 ሆነው አንዱ 640 ከሆነበት ይልቅ ስድስቱም 720 የሆኑበትን እመርጣለሁ። ምርመራው ሞተሩ ሞቆ መሠራት እንዳለበት መቼም አሁን መናገር አያሻኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ሞተሩ አራት ካንዴላና አራት ኮይል አለው። ኮይሎቹ ቶሎ ይደክማሉ፤ የሚያውቃት ሰው በየ30,000 ማይሉ ይቀይራቸዋል። ኮይል ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ይሄዳል፣ እዚያ ይቃጠላል፣ ኮንቨርተሩን ያቀልጠዋል፤ የተዘጋው ጭስም ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ብዙ ሰው «ሮታሪ ደካማ ነው» የሚለው በኮይል የተገደለ ሞተር አይቶ ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሲረገጥ የሚንቋቋ ከሆነ ብረቱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። የሙቀት ጌጁን አትመኑ፤ ሞተሩ በእርግጥ እስኪግል ድረስ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል። የራዲያተሩን ውኃ በዓይናችሁ እዩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ እንደ ማንኛውም መኪና ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ እዚህ አካባቢ ያለ ገዢ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ታስደርጋለች፤ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ትጠይቃለች። «ኢንስፔክሽን አልፋለች» የሚለው ቃል ግን ስለ ፍሬን፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጎማ ነው፤ ስለ ሮተር ማሸጊያ አንዲት ነገር አይናገርም። ታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል እንዳለ እዩ። የሻሲ ቁጥሩን በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል ካለ አጣሩ፤ ይቺ መኪና በታካታ ኤርባግ ከተጠሩት አንዷ ናት፣ ጥገናውም በነፃ ነው። ሻጩ «ሞተሩ ተቀይሯል» ካለ ደረሰኙን ጠይቁ። ማዝዳ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2008 ላሉት ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዝሞ ስለነበር ብዙዎቹ በኩባንያው ሞተር ተቀይሮላቸዋል። የተቀየረ ሞተር ነውር አይደለም፤ ማን እንደቀየረውና መቼ እንደሆነ የማይታወቅ ነው ነውሩ።

ገዛችሁ እንበል። እዚህ ላይ የምለው ከቤታችን አስተዳደግ ጋር የሚጋጭ ነው። እኛ መኪና በቁጠባ ነው የምንይዘው። ነዳጅ ላለማባከን ቀስ፣ ሞተር ላለማስጨነቅ ዝቅ፣ ሰፈር ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ሥራ እንኳ ነድተን አጥፍተን እንገባለን። ካምሪውን እንዲህ አድርገን ሦስት መቶ ሺህ ማይል እንነዳዋለን። ይቺን ግን ቁጠባ ይገድላታል።

ጠዋት ከጋራዥ አውጥታችሁ ደጅ ላይ አቁማችሁ ብታጠፏት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተረጨው ብዙ ቤንዚን ሳይቃጠል ውስጥ ይቀራል፤ ማሸጊያዎቹን የሚያርሰውን ዘይት ያጥባል። ማታ ስትመለሱ አትነሳም። መንገድ ለማጠብ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማንቀሳቀስ፣ ለእንግዳ ቦታ መልቀቅ፣ መኪና ለማጠብ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ከተነሳች እስክትሞቅ ድረስ መንዳት ግዴታ ነው። ቤንዚኑ ከሞላባትና እምቢ ካለች ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ይዛችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ፤ ያኔ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፣ ውስጥ ያለው ይወጣል። ባትሪውም ደህና መሆን አለበት።

ቀስ ብሎ መንዳቱ ደግሞ ካርቦን ያከማቻል። ይህ ሞተር ጭሱን የሚያስወጣው ከቀድሞዎቹ ሮታሪዎች በተለየ ከጎን ስለሆነ ጥላሸቱ የጎን ማሸጊያዎቹን ያጣብቃቸዋል። መድኃኒቱ መንዳት ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሕግ በሚፈቅደው ቦታ፣ በሁለተኛ ማርሽ ላይ ወደ 9,000 አስጠግቶ መጮህ። አንድ አባት ልጃቸው ይህን እንዳደርግ መካኒኩ አዞኛል ቢላቸው አላመኑም፤ ስልክ ደውለው «እውነት ነው ወይ ወንድሜ? አንተ ነህ እንዲህ ያልከው?» አሉኝ። እውነት ነው። ሳይሞቅ ግን ከ4,000 በላይ ማስጮህ ክልክል ነው፤ ይህንንም ለሳቸው ደግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ልጁ ያንን ክፍል ዘሎት ነበርና።

ወጪው ምን ያህል ነው? ቤንዚኑ ፕሪሚየም ነው፣ በከተማ በጋሎን 16 ማይል ገደማ ትሄዳለች፤ ይህ ከትልልቅ ጂፖች ጋር የሚስተካከል ነው። የወጣት ሹፌር ኢንሹራንስ ከመግዛታችሁ በፊት አስጠይቁ፤ ብዙ ሕልም እዚያ ላይ ይቆማል። ሞተሩን አፍርሶ ማሠራት ከመኪናዋ መግዣ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ሁሉ መግዣው ላይ አታፍስሱት፣ ግማሹን ለሷው አስቀምጡት። «ስጠግባት ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ያ መንገድ ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንም እንኳ እዚያ ስድስቱን ቁጥር የሚለካላት ማን አለ?

ለመደሰት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ የሮታሪ አመል ካላስጎመጃችሁ፣ አርኤክስ-8 በቆመችበት በ2012 አካባቢ ገበያ ላይ የወጡትን የቶዮታና የሱባሩ መንትያ ኩፔዎች እዩ፤ አሜሪካ መጀመሪያ ሳያን ኤፍአር-ኤስ እና ሱባሩ ቢአርዜድ ተብለው የተሸጡትን። ፒስተን ነው፣ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፣ መሪያቸው ጥሩ ነው። የ2013 ሞዴሎች የቫልቭ ስፕሪንግ ሪኮል ስላለባቸው ተሠርቶ እንደሆነና ማን እንደሠራው ጠይቁ። የኮፈኑ ደንብ እዚያ እንደወትሮው ይሠራል።

አርኤክስ-8ን ብቻ ካላችሁ ግን፣ ወደ ሥራ የምትሄዱበት ሌላ መኪና ይኑራችሁ። መንገዳችሁ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ብቻ ከሆነ ተዉአት። ስድስቱ ቁጥሮች፣ ከተለኩበት ዙርና ቀን ጋር፣ በወረቀት ካልቀረቡላችሁ ቀብድ አትስጡ። ሻጩ ለምርመራው እምቢ ካለ ወይም «ሌላ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ ነው» ካላችሁ፣ ለዚያ ለሌላው ገዢ ተዉለት።